መንፈሳዊ ዕድገት በቅዱስ ማርቆስ ሕይወት



ልጅ ጡት የሚጥልበት ጊዜ አለው። ጊዜው አልፎ እህል አልቀምስ ቢል እናቱ ትጨነቃለች። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ዕብራውያንን የወቀሳቸው በዚሁ ነገር ነው። ከቆዩበት ዘመን የተነሣ መምህራን መሆን ሲገባቸው ገና ወተት ፈላጊዎች ሆነው አገኛቸው (ዕብ. 5፥12-14)። ከዚህ የምንረዳው መንፈሳዊ ዕድገት በቤተ ክርስቲያን በቆየንበት ዓመት ብዛት እንደማይለካ ነው። ታዲያ በምን ይለካል? መልሱን ማርቆስ በተባለው በዮሐንስ ሕይወት እንመልከት።

1ኛ. መልካም ጅማሬ

ማርቆስ ያደገው ጸሎት በማይለየው ቤት ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ መልአክ ከወኅኒ ባወጣው ሌሊት መጥቶ ያንኳኳው የማርቆስን እናት የማርያምን ደጅ ነበር፤ በዚያም ብዙዎች ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር (የሐዋ. ሥራ 12፥12)። በኋላም ዘመዱ በርናባስና ጳውሎስ ለስብከት ሲላኩ እርሱ ረዳት ሆኖ አብሮአቸው ወደ ቆጵሮስ ተሻገረ (13፥5)። በወጣትነት እንዲህ ካሉ አባቶች ጋር አገልግሎት መጀመር ትልቅ ጸጋ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በእናቶቻችን ጀርባ ታዝለን ቅዳሴ ያስቀደስን ነን። ይሁን እንጂ ይህ የተዘራብን ዘር ነው፤ ፍሬው ገና ከእኛ ይጠበቃል።

2ኛ. በጰርጌ የሆነው

ከቆጵሮስ ተነሥተው በጵንፍልያ ወዳለችው ወደ ጰርጌ ደረሱ። ቦታው ዛሬ በደቡብ ቱርክ ከባሕር ዳርቻው አቅራቢያ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የቶሮስን ተራሮች አቋርጦ ወደ ጲስድያ አንጾኪያ የሚወጣ ዳገት ነው። ማርቆስ ከዚያ ተለይቶአቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (13፥13)። ቅዱስ ሉቃስ ምክንያቱን አልጻፈም፤ እኛም ግምት አንጨምርበትም። የምናውቀው ሥራው ሳያልቅ መሄዱን ብቻ ነው።

እያንዳንዳችንም የየራሳችን ጰርጌ አለን። ለአንዱ የፈተና ሰሞን ነው፤ ለሌላው አዲስ ሥራ የያዘበት ጊዜ ነው። ከአገልግሎት ጓደኛው ጋር በአንዲት ቃል ተጋጭቶ የመዝሙር ልብሱን አስረክቦ የቀረ ስንት አለ?

3ኛ. በሁለት አባቶች መካከል

ሁለተኛው ጉዞ በታሰበ ጊዜ በርናባስ ማርቆስን እንውሰደው አለ። ጳውሎስ ግን ከሥራ ተለይቶ የሄደውን ይዞ መሄድ አልወደደም። ክርክሩ ስለ በረታ ተለያዩ፤ ጳውሎስ ሲላስን መረጠ፣ በርናባስም ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ (15፥37-40)። የጳውሎስን ሐሳብ መረዳት አያስቸግርም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባል የለ? ነገር ግን ልጅ እጁን ከሊጡ ካላስገባ ማቡካት ከቶ አይለምድም፤ በርናባስ ይህን ያሰበ ይመስላል።

ማርቆስስ ምን አደረገ? ስሙ በሁለት ታላላቅ አባቶች መካከል የጠብ ምክንያት ሆኖ ሲነሣ አኩርፎ በእናቱ ቤት መቀመጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን በርናባስን ተከትሎ መጀመሪያ ወዳገለገለባት ወደ ቆጵሮስ እንደገና በመርከብ ሄደ። ያቋረጠውን መልሶ ጀመረ ማለት ነው። ዕድገቱ የታየው በዚህ ነው።

4ኛ. ፍሬው

ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ማርቆስ ከአጠገቡ ነበር። የቆላስይስ ምእመናንም ማርቆስ ቢመጣ እንዲቀበሉት አዘዛቸው (ቆላ. 4፥10)። ዕረፍቱ በቀረበ ጊዜ ደግሞ ጢሞቴዎስን ማርቆስን ይዞ እንዲመጣ ለመነው፤ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመውም ጻፈ (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። አንድ ጊዜ አልፈልገውም ያለውን ሰው በስሙ ጠርቶ መፈለጉ የጳውሎስንም ብስለት ያሳያል።

በዚያው ምዕራፍ ላይ ዴማስ ይህን ዓለም ወድዶ ጳውሎስን እንደ ተወው ተጽፎአል (4፥10)። ቀድሞ ግን በፊልሞና መልእክት የማርቆስና የዴማስ ስም በአንድ ቁጥር ላይ ከረዳቶቹ ጋር ተቈጥሮ ነበር (ቁ. 24)። ስለዚህ የወደቀ ሰው ተስፋ አይቍረጥ፤ የቆመም አይመካ።

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ይህ ማርቆስ ባለ 16 ምዕራፉን ወንጌል የጻፈው፣ በእስክንድርያ አስተምሮ በሰማዕትነት ያረፈው ነው፤ መታሰቢያውም ሚያዝያ 30 ቀን ይከበራል። በእርሱ መንበር የተቀመጠው ቅዱስ አትናቴዎስ በ4ኛው መቶ ዓመት አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አገራችን ላከ። ቤተ ክርስቲያናችንም በ1951 ዓ.ም. የራሷ ፓትርያርክ እስከ ተሾመላት ድረስ የጵጵስና ሹመት የምታገኘው ከዚሁ መንበር ነበር። ከጰርጌ የተመለሰው ወጣት ለእኛ ለሩቆቹ ይህን ያህል እንደሚያተርፍ በዚያን ቀን ማን ይገምት ነበር?

5ኛ. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ሀ. ያቋረጥነው ጸሎት፣ ንባብ ወይም አገልግሎት ካለ ለንስሐ አባታችን ነግረን እንደገና እንጀምር። በትልቁ መጀመር አያስፈልግም፤ ምንጣፍ ማንጠፍም አገልግሎት ነው።

ለ. ስንገሠጽ አናኵርፍ። ያልመረጠን ወንድም ነገ ሊፈልገን ይችላል፤ ያን ጊዜ በቅርብ እንገኝ።

ሐ. ከመካከላችን የቀረውን ጓደኛ በሚመጣው እሑድ ከቤቱ ሄደን እንጠይቀው። ሲመለስም የት ነበርህ ብለን ከማሳፈር ይልቅ ከአጠገባችን ቦታ እንልቀቅለት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጳውሎስና በርናባስ ስለ ማርቆስ የነበራቸው ሐሳብ የየራሱ ጥቅም ምን ነበር?
2. ማርቆስንና ዴማስን የለያያቸው ምንድር ነው?
3. በክፍላችን በርናባስን የሚፈልግ ማን አለ? ስሙን ሳንጠራ በልባችን እናስበውና እንጸልይለት።

ማርቆስን ያጸና አምላክ ጅማሬያችንን በፍጻሜ ይባርክልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።