ስለ ጥንታዊ የጀርመን ፖርስሊን የቡና ዕቃ አመራረጥ

የመንዝና የግሼ ደጋ ቡና ባያበቅልም፣ ቡና የማይፈላበት ቤት ግን ጥቂት ነው። ሲኒውም እንደ ቡናው ከሩቅ የመጣ ዕቃ ነው፤ ስሙ ራሱ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነውና። ከአያት የተወረሰ ሲኒ ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋውን የማያውቅ ባለሱቅ ወይ ሻጩን ይበድላል፣ ወይ ራሱን ይጐዳል። የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማም በባቫርያ ካለችው ከፋተርሽቴተን ጋራ የእኅት ከተማነት ወዳጅነት ስላላት፣ የጀርመንን ሥራ ለይቶ ማወቅ ለአገሩ ነጋዴ የሚጠቅም ዕውቀት ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በአውሮፓ ጠንካራው ፖርስሊን መጀመሪያ የተሠራው በሳክሶኒ ሲሆን፣ የማይሰን ፋብሪካ በ1710 ተቋቋመ። በ1730ዎቹ ማይሰን ለቱርክ ገበያ እጀታ የሌላቸው ትንንሽ ሲኒዎች ይሠራ ነበር፤ ቅርጻቸውም በረከቦታችን ላይ ከምንደረድረው ጋራ ይቀራረባል። ኒምፈንቡርግ በ1747፣ የበርሊን ንጉሣዊ ፋብሪካም በ1763 ተከተሉ።

ዕቃው ሲቀርብ የሚከተሉትን መመርመር ይገባል።

አንደኛ፣ ገላው። ስስ ፖርስሊን ወደ ብርሃን ሲያነሡት የጣትን ጥላ ያሳያል። በጥፍር ሲነኩት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ድምፁ ከደነዘዘ ስንጥቅ ወይም ጥገና እንዳለበት ይጠረጠራል። ይህ ግን ፖርስሊን መሆኑን እንጂ ጥንታዊነቱን አያስረዳም።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የእጅ ሥራ የብሩሽ መስመር ይታይበታል፤ የአንዱ ሲኒ አበባም ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። የታተመ ሥዕል ግን በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ፣ ወይም በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው።

ሦስተኛ፣ ምልክቱ። የማይሰን ምልክት ሁለት የተጣመሩ ሰማያዊ ሰይፎች፣ የበርሊኑ ደግሞ በትረ መንግሥት ነው። በሰይፎቹ ላይ የተሰነጠረ መስመር ካለ፣ ፋብሪካው ዕቃውን ከአንደኛ ደረጃ ዝቅ አድርጎታል ማለት ነው። ሰይፎቹን ብዙ ሰዎች አስመስለው ስለ ሠሩ ምልክቱ ብቻውን ምስክር አይሆንም። «በጀርመን የተሠራ» የሚለው የእንግሊዝኛ ጽሕፈት የተስፋፋው የ1887ቱ የእንግሊዝ የንግድ ምልክት ሕግ ከወጣ በኋላ ስለ ሆነ፣ ይህ ያለበት ዕቃ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው ቢባል አይታመንም።

አራተኛ፣ ሙሉነቱ። ከነማስቀመጫው የተሟላ ስብስብ ከተበታተነው ይልቅ ይፈለጋል። የተሸረፈ አፍና የለቀቀ ወርቅ ዋጋ ይቀንሳሉ።

ዕቃው በለብታ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ፤ በረኪናና ሻካራ ማሻሻ ወርቁን ያጠፋሉ። ሲኒ በሲኒ ላይ ሲደራረብ በመካከሉ ጨርቅ ይግባ።

ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ነጋዴ በእኛ አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያስታውስ፤ ዕቃው ቅርስ መሆን አለመሆኑን ሳያስመረምር አይጫን። ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ ሲመስለውም ከመግዛት ይታቀብ።

በመጨረሻም፣ በደረሰኝ ላይ ያልተረጋገጠውን «የማይሰን ሲኒ» ብሎ ከመጻፍ «የማይሰን ምልክት ያለበት ሲኒ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። የሁለት ቃላት ጭማሪ ነጋዴውን ከክርክር፣ ገዢውንም ከመታለል ያድናል።