ቀን ያልተቈረጠለት ፍርድ

ስለ ብራውን ፍርድ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው በ1954 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የተሰጠውን ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዳኞች፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ጥቁሩንና ነጩን ለይቶ ማስተማር እኩል የሕግ ጥበቃን የሚያዘውን የሕገ መንግሥቱን 14ኛ ማሻሻያ ይጥሳል ሲሉ በአንድ ድምፅ ፈረዱ። መቼ እንደሚፈጸም ግን አልተናገሩም። በ1955 በሰጡት ሁለተኛ ውሳኔም የተገኘው ቀን ሳይሆን «በሚገባ በታሰበበት ፍጥነት» የሚል ቃል ነው። እንደ እኛ አስተያየት ፍርዱን የጐዳችው ይህች ቃል ናት።

በቨርጂኒያ የሚገኘውን የፕሪንስ ኤድዋርድን አውራጃ እንመልከት። በብራውን ፍርድ ከተጠቃለሉት አምስት መዝገቦች አንዱ የመነጨው ከዚያ ነው፤ ነገሩን የጀመሩትም በ1951 ስለ ትምህርት ቤታቸው መጥበብና መጐሳቈል አድማ የመቱ ተማሪዎች ናቸው (ጠበቆቹ የመጡት ኋላ ነው!)። ተማሪዎቹ ረቱ። አውራጃው ግን ፍርዱን ከመፈጸም ይልቅ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። ለነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፤ የሕዝብ ገንዘብም ይደጕመው ጀመር። ከጥቁሮቹ ልጆች ብዙዎቹ እስከ 1963 ድረስ መደበኛ ትምህርት አላገኙም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 በግሪፊን መዝገብ፣ የበታቹ ዳኛ የአውራጃውን ሹማምንት «ግብር አስከፍላችሁ ትምህርት ቤቶቹን ክፈቱ» ብሎ ለማዘዝ ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። መለያየቱ በየስፍራው ወዲያውኑ ይቁም የተባለው ግን በ1969፣ ሚሲሲፒን በሚመለከተው በአሌግዛንደር መዝገብ ነው። በ1954 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ በዚያን ጊዜ ዐሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።