ዓሣ ከመግዛትዎ በፊት ሜትር ይያዙ

ዓሣ ቤት ስንገባ ሁላችንም የምንመርጠው በዓይናችን ነው። እኔም እንደዚያ ነው የጀመርኩት፤ ስምንት ኒዮን ቴትራና ስሙኒ የሚያካክሉ ሁለት ኤንጀልፊሾች ገዝቼ ቤቴ ገባሁ። ሻጩ «ይስማማሉ» ብሎኛል። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠዋት ጠዋት ኒዮኖቹን ስቆጥር ሰባት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሦስት ሆኑ። ሞቶ የተንሳፈፈ አንድም አላየሁም። ኤንጀልፊሾቹ ግን የእጄን መዳፍ ሊያክሉ ምንም አልቀራቸውም፤ ቁርስም አይናፍቁም። ለዚህ ነው ከታች ባለው ቅደም ተከተል ቀለም የማይነሳው።

ደረጃ 1፦ ሊትሩን ያውጡ። የመስታወቱን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ያባዙና ለ1,000 ያካፍሉ። 80 በ35 በ40 ከሆነ 112 ሊትር ይመጣል። ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ 95 ያህል ይቀራል። ሒሳብዎ በ95ቱ ይሁን።

ደረጃ 2፦ የቤትዎን ውኃ ይመርምሩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ዓሣ የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው።

በሙቀቱ ይጀምሩ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ ማሞቂያ የሌለውን አኳሪየም ከ20 ዲግሪ በታች ሊያወርደው ይችላል። ኒዮን፣ ጋፒና ኮሪዶራስ ግን 24 እና 25 ዲግሪ ይወዳሉ። ማሞቂያ ካልገዙ ምርጫዎ ጠባብ ነው፦ ወይ ዜብራ ዳኒዮ፣ ወይ ሁለት ባለ ድርብ ጅራት ጎልድፊሽ። ሁለቱን አያቀላቅሉ፤ ጎልድፊሽ ብቻውን ይኑር።

ቀጥሎ የሻይ በራድዎን ከፍተው ውስጡን ይዩ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውኃዎ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ጋፒ፣ ፕላቲና ሞሊ ይስማማቸዋል። የድሬዳዋ ሰው ይህን ቅርፊት አሳምሮ ያውቀዋል። በራዱ ንጹሕ ከሆነ ኒዮንና ኮሪዶራስ ይሞክሩ።

አንድ ነገር ደግሞ የውጭ መጻሕፍት አይነግሩንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም ባሕር ዳር ካለ ከተማ በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ «ለዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚል ቁጥር ሳነብ እኔ ሩቡን እቀንሳለሁ፤ የአየር ፓምፕም አላጠፋም።

ደረጃ 3፦ ሲያድግ ስንት እንደሚሆን ይጠይቁ። «መስታወት ይልሳል» ተብሎ በ5 ሴንቲ ሜትሩ የሚሸጠው ተራው ፕሌኮ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ኦስካርም 30 ይደርሳል። ባለ ነጠላ ጅራቱ ጎልድፊሽም ከ20 ያልፋል። የዝዋይን ቆሮሶ ከነነፍሱ አምጥተው ሊያኖሩ የሚያስቡም አሉ፤ ጠጠሩን ቆፍሮ ተክሉን ሲነቅልባቸው ሐሳባቸውን ይለውጣሉ።

ደረጃ 4፦ ጎረቤት ያስማሙ። መመሪያው አጭር ነው፦ በአፍ የሚገባ ዓሣ ይበላል። ታይገር ባርብን ረጅም ክንፍ ካለው ዓሣ ጋር አያኑሩ፤ ክንፉን ይቆራርጥበታል። ለ95 ሊትር፣ ማሞቂያ ካለ፣ እኔ የምመርጠው መሐል ላይ ስምንት ኒዮን፣ ከታች ስድስት ኮሪዶራስ፣ ከላይ አንድ ድዋርፍ ጉራሚ ነው። ጉራሚ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ስለሚተነፍስ ለደጋ ከተማ ይመቻል። ጋፒ ከመረጡ ወንዶቹን ብቻ ይግዙ። አንዲት ሴት በየወሩ ገደማ ሃያና ሠላሳ ልትወልድ ትችላለች፤ ወንዱ ከተለያት በኋላም ለወራት መውለዷን አታቆምም።

ደረጃ 5፦ ሱቁ ውስጥ አይቸኩሉ። ሻጩ ምግብ እንዲጥልላቸው ይለምኑት፤ ያልተሯሯጠ አይገዛም። ሰውነቱ ላይ እንደ ጨው ፍንጣቂ ነጭ ነጥብ ያለበት፣ ክንፉን ሰብስቦ ጥግ የያዘ ካዩ ከዚያ ገንዳ ጤነኛ የሚመስለውንም አይውሰዱ።

ደረጃ 6፦ ጥቂት ጥቂት ያስገቡ። አዲስ ፊልተር የዓሣውን ኩስ መርዝ የሚያጠፉትን ባክቴሪያዎች እስኪያፈራ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። መጀመሪያ ሦስት አራት ጠንካራ ዓሣ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ጥቂት። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ ክፍቱን ይደር፤ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኙ ግን እሱን ያስቀድሙ። ፌስታሉን እንደታሰረ ሩብ ሰዓት ያንሳፍፉት፤ ዓሣውን በመረብ አውጥተው ይልቀቁ፣ የፌስታሉን ውኃ ግን ይድፉት።

መብራት ሲጠፋ ምግብ አይስጡ። አኳሪየሙን ዙሪያውን ጋቢ ያልብሱት፤ ከላይ ግን ክፍት ይተዉ። በየሩብ ሰዓቱ በኩባያ ውኃ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱበት።