ለንግድ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ስለ ቪዛና ስለ ቆንስላ አገልግሎት ሊያውቀው የሚገባ

ዕቃውን ወደ ውጭ አገር የሚልክም ሆነ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ ሥራውን በደብዳቤና በስልክ ብቻ ሊመራው የማይችልበት ጊዜ አለ። ገዢውን ፊት ለፊት ማነጋገር፣ የሚገዛውን መሣሪያ ሲሠራ በዓይኑ ማየት፣ ወይም በንግድ ትርኢት ላይ ቡናውን፣ ሰሊጡንና ቆዳውን አቅርቦ ማሳየት ያስፈልገዋል። በየዓመቱ በየካቲት ገደማ በኑረምበርግ የሚከፈተው የተፈጥሮ ምግብ ትርኢት፣ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ በኮሎኝ የሚደረገው ታላቁ የምግብ ትርኢት፣ እንዲሁም በሚላኖ የሚደረገው የቆዳ ትርኢት ለአገራችን ላኪዎች የታወቁ ናቸው።

ከእንዲህ ያለው ጉዞ በቪዛ ምክንያት የቀረ ነጋዴ የሚከስረው የአውሮፕላን ዋጋ ብቻ አይደለም። ለማሳያው ቦታ አስቀድሞ የከፈለው ኪራይ፣ ቀድሞ የላከው ናሙናና ቀጠሮ ይዞ የነበረው ገዢ አብረው ይቀራሉ፤ ገዢውም ፊቱን ወደ ሌላ አገር ላኪ ያዞራል። ይህ ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ነጋዴው የሚከለከልበት ምክንያት ኖሮ ሳይሆን ጊዜውን በትክክል ባለመቁጠሩና ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ባለመስማማታቸው ነው።

1ኛ/ ቆንስላ ምን ይሠራል?

ኤምባሲ አንድ መንግሥት በሌላው መንግሥት ዘንድ የሚወከልበት መሥሪያ ቤት ነው፤ የቆንስላ ክፍሉ ደግሞ የግለሰቦችንና የንግድን ጉዳይ የሚመለከተው ክፍል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በቪየና የተደረገው የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት የቆንስላን ተግባሮች ሲዘረዝር፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን ንግድ ማስፋፋትን፣ ለዜጎቹ ፓስፖርት፣ ወደ አገሩ ለሚጓዙም ቪዛ መስጠትን፣ እንዲሁም ሰነድ ማረጋገጥን ያጠቃልላል። ስለዚህ ነጋዴ በቆንስላ ፊት የሚቀርበው ችሮታ ለመለመን ሳይሆን ሥርዓቱ በሕግ የተወሰነ አገልግሎት ለመጠየቅ ነው። ሥርዓቱን አውቆ የቀረበ ሰው ግማሹን መንገድ እንደ ተጓዘ ይቈጠራል።

በ1985 ሼንገን በተባለችው የሉክሰምበርግ መንደር በተፈረመው ስምምነት መነሻነት ዛሬ 29 የአውሮፓ አገሮች በአንድ ዓይነት ቪዛ ይሠራሉ። ለአጭር ጊዜ ጉዞ የሚሰጠው ይህ ቪዛ የሚመራው በ2009 በወጣው የቪዛ ደንብ ነው። እንግሊዝና አየርላንድ ግን በዚህ ማኅበር ውስጥ ስለሌሉ ለእነርሱ ሌላ ቪዛ ያስፈልጋል።

2ኛ/ ማመልከቻው ለየትኛው ኤምባሲ ይቀርባል?

ማመልከቻው የሚቀርበው የጉዞው ዋና ዓላማ ለሚፈጸምበት ወይም ብዙ ቀን ለሚቈይበት አገር ኤምባሲ ነው። የሚቈይበት ቀን እኩል ከሆነና ዋናውን አገር ለመለየት ካልተቻለ፣ መጀመሪያ ለሚገባበት አገር ይሆናል። ለምሳሌ አንድ ሰሊጥ ላኪ በኑረምበርግ 5 ቀን፣ በሚላኖ 2 ቀን የሚቈይ ቢሆን፣ አውሮፕላኑ አስቀድሞ ሮም ቢያርፍም እንኳ ጉዳዩን የሚያየው የጀርመን ኤምባሲ ነው። «እገሌ ኤምባሲ ቪዛ በቀላሉ ይሰጣል» የሚለውን ወሬ ሰምቶ ወደማይመለከተው ቆንስላ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው፤ ቆንስላው ጉዳዩን ሳይመረምር ማመልከቻውን ይመልሰዋልና።

አንዳንድ ኤምባሲዎች ማመልከቻ የመቀበሉንና የጣት አሻራ የማንሣቱን ሥራ ለቪዛ ማእከሎች ሰጥተዋል። ማእከሉ የራሱን የአገልግሎት ዋጋ ይቀበላል፤ ቪዛ ለመስጠትም ሆነ ለመከልከል ግን ሥልጣን የለውም። ውሳኔው የቆንስላው ብቻ ነው። ስለዚህ «በማእከሉ ሰው አለኝ፣ ቪዛውን አስወጣለሁ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ የሌለውን ነገር የሚሸጥ መሆኑን ነጋዴው ይገንዘብ።

3ኛ/ ጊዜው እንዴት ይቈጠራል?

በደንቡ መሠረት ማመልከቻ ከጉዞው ቀን በፊት ከ6 ወር ቀደም ብሎ ሊቀርብ አይችልም፤ ቢዘገይም 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። ውሳኔውም በተለመደው አሠራር በ15 ቀን ውስጥ ይሰጣል። በኢትዮጵያውያን ማመልከቻ ላይ ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የተለየ ውሳኔ አሳልፏል። ምክንያቱን ሲገልጽ፣ በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው በመመለስ ረገድ የተደረገው ትብብር በቂ አይደለም ብሏል። በዚህ ውሳኔ መሠረት የተለመደው የ15 ቀን ጊዜ ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ከሚጠየቁት ማስረጃዎች አንዳንዶቹን ለታመነ አመልካች የማስቀረቱ አሠራር ታግዷል፤ ብዙ ጊዜ ለመግባት የሚያስችለው ቪዛ መሰጠቱም ቆሟል። ነጋዴው የዚህ ክርክር ባለቤት ባይሆንም በጊዜው የሚከፍለው እርሱ ነው።

ይህን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንድ ነጋዴ የካቲት 3 ቀን ኑረምበርግ መገኘት ቢያስፈልገው፣ ከዚያ ቀን ወደ ኋላ 45 ቀን ሲቈጠር ታኅሣሥ 18 ቀን ላይ ይደርሳል። ይህም አውሮፓውያን የገናና የአዲስ ዓመት በዓላቸውን የሚያከብሩበት፣ ብዙ መሥሪያ ቤቶችም የሚዘጉበት ሰሞን ነው። በዚያ ላይ ማመልከቻ ለማስገባት ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጊዜና የመጥሪያ ደብዳቤው ከውጭ የሚመጣበት ጊዜ ይታከልበታል። እንግዲህ ጥንቁቅ ነጋዴ ወረቀቱን በጥቅምት አሰናድቶ በኅዳር ማስገባት ይኖርበታል። ሕጉ ከነሐሴ መጀመሪያ አንሥቶ ስለሚፈቅድለት፣ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚያሰኝ ምክንያት የለም።

4ኛ/ ወረቀቶቹ ምን ይናገራሉ?

ፓስፖርቱ ከተሰጠ 10 ዓመት ያላለፈው፣ ከአውሮፓ ከሚወጣበት ቀን በኋላም ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽም ያለው መሆን አለበት። የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስ ከ30,000 ዩሮ የማያንስና በ29ኙም አገሮች የሚሠራ መሆን ይኖርበታል። ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ ሰው የሚከፈለው የቪዛ ዋጋ 90 ዩሮ ሆኗል፤ ይህም ቪዛው ቢከለከል አይመለስም። የጣት አሻራ በአካል ቀርቦ ይሰጣል፤ ባለፉት 59 ወራት ውስጥ የሰጠ ሰው ግን ቀድሞ የሰጠው አሻራ ሊያገለግለው ይችላል።

ለንግድ የሚሄድ ሰው ከዚህ በላይ የጋበዘውን ድርጅት ደብዳቤ፣ የትርኢቱን መግቢያ ወረቀት፣ የንግድ ግንኙነት መኖሩን የሚያሳዩ ኢንቮይሶችንና ውሎችን፣ የንግድ ፈቃዱን፣ የባንክ ሒሳቡን መግለጫና የመሳሰለውን ያቀርባል። ቆንስላው በእነዚህ ሁሉ የሚፈልገው የሁለት ጥያቄዎችን መልስ ነው፤ ይህ ሰው በእውነት ለተባለው ሥራ ይሄዳልን? ሥራውንስ ሲፈጽም ይመለሳልን?

ስለዚህ የወረቀቱ ብዛት ሳይሆን ስምምነቱ ይመዝናል። የመጥሪያው ደብዳቤ 5 ቀን ሲል የሆቴሉ ማስያዣ 20 ቀን ቢል፣ በንግድ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ስም በፓስፖርቱ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ቢለይ፣ ወይም ማመልከቻው ሊገባ ሲል ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ብዙ ገንዘብ ወደ ባንክ ቢገባ ጥርጣሬ ይነሣል። ባለሱቅ የዓመቱን ሒሳብ በደንብ ከያዘና ግብሩን ከፍሎ ደረሰኙን ካስቀመጠ፣ ወደ አገሩ የሚመልሰው ሥራ እንዳለው ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኝም።

ጉዳዩ ሁሉ ጉዞ የሚጠይቅ አለመሆኑም ሊታሰብ ይገባል። በአውሮፓ ላለ ወኪል ውክልና በመስጠት የሚፈጸም ሥራ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ሰነዱ በአገር ውስጥ ከተረጋገጠ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በሚሄድበት አገር ኤምባሲ ይታተማል። በዚህ ጊዜ የቆንስላው ማኅተም የሚመሰክረው ለፊርማውና ለማኅተሙ እውነተኛነት እንጂ በውስጡ ለተጻፈው ቃል አይደለም። የትኛው ማኅተም እንደሚያስፈልግም ቆንስላውን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

5ኛ/ ቪዛው ከተገኘ በኋላ

ቪዛ ወደ በሩ ያደርሳል እንጂ በሩን አይከፍትም። የድንበሩ ሹም የመጥሪያውን ደብዳቤ፣ የሆቴሉን ማስያዣና ለመቈያ የሚሆን ገንዘብ እንዲታየው ሊጠይቅ፣ መግባትንም ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ የወረቀቶቹ ግልባጭ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዝ።

ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ የተሰጠ ከሆነ፣ ነጋዴው ከኑረምበርግ ወደ ለንደን ወይም ወደ ኢስታንቡል ከወጣ በኋላ በዚያው ቪዛ ወደ ፓሪስ ሊመለስ አይችልም። የጉዞው ቅደም ተከተል ይህን አስቦ ይዘጋጅ።

የቈይታው ወሰን በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥም፤ በቪዛው ላይ ያነሰ ቀን ከተጻፈ ግን የሚሠራው የተጻፈው ነው። የገባበትም የወጣበትም ቀን ይቈጠራል፤ የካቲት 1 ገብቶ የካቲት 10 የወጣ ሰው 10 ቀን እንደ ቈየ ይታሰባል። ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው አዲሱ የመግቢያና የመውጫ መዝገብ ይህን የሚቈጥረው በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ስለሆነ፣ አንዲት ቀን ማሳለፍም አይሰወርም፤ የሚመጣውንም ማመልከቻ ያበላሻል።

6ኛ/ ቪዛው ቢከለከል

ቆንስላው ቪዛ ሲከለክል ምክንያቱን በታወቀው ቅጽ ላይ አመልክቶ በጽሑፍ ይሰጣል። አመልካቹም ውሳኔውን በሰጠው አገር ሕግ መሠረት ይግባኝ የማለት መብት አለው፤ የይግባኙ መንገድና ጊዜም በዚያው ወረቀት ላይ ይገለጻል። ስለዚህ ወረቀቱን በንዴት መጣል አይገባም። ጐደለ የተባለው ማስረጃ በእጅ ካለ አሟልቶ እንደገና ማመልከት ይቻላል። የቀድሞውን ክልከላ መደበቅ ወይም ሐሰተኛ ወረቀት ማቅረብ ግን የሚጐዳው ያንን ጉዞ ብቻ አይደለም፤ የድርጅቱን ስም ለዓመታት ያቈሽሻል።

የቪዛ ዋጋና ሥርዓት የሚለዋወጥ፣ በኢትዮጵያ ላይ የተወሰነውም እርምጃ ሊሻሻል ወይም ሊነሣ የሚችል በመሆኑ፣ ነጋዴው ቀጠሮ ከመያዙ በፊት በዕለቱ የሚሠራበትን ደንብ ከኤምባሲው ከራሱ ይጠይቅ። ለመላኪያው ዕቃ የመርከቡን ቀን አስቀድሞ እንደሚቈጥር ሁሉ፣ ለራሱም ጉዞ ቀኑን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቈጥሮ የተነሣ ነጋዴ ከትርኢቱ በር ላይ በሰዓቱ ይገኛል።