ከወይን ሐረግ እስከ ካቻቢቴ

ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥተን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ብንወርድ፥ በዙሪያችን ከምንሰማቸው ስሞች ብዙዎቹ የላቲን ዘር ያላቸው ናቸው። ፒያሳ የጣልያንኛ ቃል ሲሆን ምንጩ ሰፊ መንገድ የሚል ትርጉም ያለው «ፕላቴያ» ነው። በዚሁ ጎዳና ላይ የሚገኘው ዋናው ፖስታ ቤትም ስሙ «የተቀመጠ» ከሚለው የላቲን ቃል የወረደ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን በየጋራዡ የሚጠራውን ካቻቢቴን ነው።

ካቻቢቴ ብሎን የምናስገባበትና የምንፈታበት መሣሪያ ነው፤ ጠመንጃ መፍቻም ይባላል። ጣልያኖች «ካቻቪቴ» ይሉታል። «ካቻ» ገፍቶ ማስገባትን ወይም ማስወጣትን ያመለክታል፤ «ቪቴ» ደግሞ ብሎን ማለት ነው። ጣልያን አገራችንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራ ይዞ ነበር፤ ወራሪው ከወጣ በኋላም በአዲስ አበባ የቀሩ ጣልያናውያን ባለሙያዎች ነበሩ። ሠራተኞቻችን ሙያውን ሲማሩ የመሣሪያውን ስም አብረው ተቀበሉ፤ «ቪ»ንም «ቢ» አድርገው የራሳቸው አደረጉት። ፒንሳና ሞርሳም እንዲሁ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው።

አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። «ቪቴ» በጣልያንኛ ብሎንም ነው፥ የወይን ተክልም ነው። ሁለቱም የመጡት የወይን ተክል ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ቪቲስ» ነው። የወይን ቀንበጥ የሚይዘው ነገር ሲያገኝ እየተጠመዘዘ ይወጣል፤ ብሎንም በእንጨት ውስጥ የሚገባው እየተጠመዘዘ ነው። ከዚህም የተነሣ ተክሉ ስሙን ለብሎኑ አወረሰው። ፈረንሳዮች ከዚሁ ቃል ብሎንን «ቪስ» አሉት፤ እንግሊዞችም ከፈረንሳይኛ ወስደው እኛ ሞርሳ የምንለውን መሣሪያ «ቫይስ» ብለው ሰየሙት፥ የሚጠብቀው በብሎን ነውና።

ይሁን እንጂ ሮማውያን ራሳቸው ቪቲስ የሚሉት መሣሪያ ነበራቸው። የመቶ አለቃ የሥልጣን ምልክት ከወይን እንጨት የተሠራ በትር ነበር፤ ስሙም ቪቲስ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ ሉኪሊዩስ ስለሚባል የመቶ አለቃ ይተርካል። ይህ ሰው በትሩ በወታደር ጀርባ ላይ ሲሰበር ሌላ፥ ያም ሲሰበር እንደገና ሌላ እንዲያመጡለት ይጮህ ስለነበር ወታደሮቹ በዚሁ ልማዱ ቅጽል ስም አወጡለት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ14 ዓ.ም. ባመፁ ጊዜም ገደሉት።

በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ራሱን የመሰለበት ቃል ይኸው ቪቲስ ነው። እንግዲህ አንዱ ቃል በአለቃው እጅ መደብደቢያ፥ በአናጢው እጅ ማያያዣ፥ በጌታ ትምህርት ደግሞ ቅርንጫፎች ሕይወት የሚያገኙበት ግንድ ሆነ።

በእኛም ቋንቋ ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ሐረግ በዛፍ ላይ የሚጠመጠም ተክል ነው። አባቶቻችን በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚሣለውን የተጠላለፈ ጌጥ ሐረግ አሉት፤ ትውልድ ስንቆጥር የዘር ሐረግ እንላለን፤ በሰዋስውም ሐረግ አለ። ስለሆነም ብሎኑን የሰየመው ሠራተኛና ጌጡን የሰየመው ጸሐፊ፥ ሳይተዋወቁ ከአንድ ዓይነት ተክል ተምረዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ የተማርን ነን ብለን በእጃቸው የሚሠሩ ወገኖቻችንን አነጋገር አንናቅ፤ ግራሶ የነካው እጅ የያዘው ቃል ከሮም ዘመን የመጣ ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛ፥ ዕውቀታችን እንደ ሉኪሊዩስ በትር ሌላውን የምንመታበት ሳይሆን፥ እንደ ብሎኑ የተለያየውን የምናያይዝበት ይሁን።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎችና ባለ ሱቆችም ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ቤት ሲፈርስ በውስጡ ይነገር የነበረው የሙያ ቃልም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዳችን አንድ አረጋዊ መካኒክ ወይም አናጢ ጠይቀን የአምስት መሣሪያዎችን ስም ከነአገልግሎታቸው ጽፈን ለሚመጣው ሰንበት ጉባኤ እናምጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።