ባለ 28 ጎማ ሁሉ ባለ 28 አይደለም

ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ 6 ኪሎ ሜትር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ዳገቱ አይቆጠርም፤ ጣጣው መንገዱ ነው። ግማሹ አስፋልት፣ ከፊሉ ኮብልስቶን፣ የቀረችው ደግሞ በጋ አቧራ ክረምት ጭቃ የሆነች የሰፈር መንገድ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ፣ ወይም ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ጠጠር መንገድ እነዳለሁ። ለዚህ ሁሉ የሚሆን፣ የማይጎትት፣ እሾህና ሽቦ ቶሎ የማይበሳው አንድ ጥንድ ጎማ ፍለጋ ስንት ብር እንዳባከንኩ ሚስቴ ናት የምታውቀው።

መጀመሪያ መጠኑ። እኔን የጣለኝ እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ታገሠኝ።

ብስክሌቴ ከአውሮፓ የገባ አሮጌ ነው። የኋላ ጎማው ክሩ ሲወጣ ወደ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። “ባለ ስንት ነው?” አለኝ። “ባለ 28” አልኩት። አንዱን አውርዶ ሰጠኝ። ጎሚስታው ልጅ ያለ ምንም ብረት በእጁ ብቻ ዘው አድርጎ ሲያስገባው፣ እንዴት ያለ ባለሙያ ነው ብዬ ተደነቅኩ። ከዚያ ኮምፕሬሰሩን ለቀቀበት። ጎማው በአንድ በኩል ከቸርኬው ከንፈር ላይ ቀስ እያለ ተነሣ፤ በክፍተቱ የውስጡ ጎማ እንደ ማስቲካ ፊኛ ሲነፋ አየሁ፤ “አቁም!” ልል አፌን ስከፍት ፈነዳ። አጠገባችን ቡና የምታፈላው ሴትዮ ከነበርጩማዋ ወደቀች። ልጁም “ጋሼ፣ ችግሩ የውስጡ ጎማ ነው” ብሎ ሌላ አስገዛኝ። እሱም በዚያው መንገድ ሄደ።

ነገሩ የገባኝ አሮጌውንና አዲሱን ጎማ አንዱን ባንዱ ላይ ሳነባብር ነው። አዲሱ ዙሪያውን ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ይሰፋል። ጎናቸውን በምራቅ ጠርጌ አነበብኩ። አሮጌው 40-622፣ አዲሱ 40-635። ሁለቱም ላይ ግን በትልቁ 28 የሚል ተጽፏል። 28 የጎማውን የውጭ ቁመት በኢንች በግምት የሚናገር የድሮ ስም ነው፤ ቸርኬው ላይ ይቀመጥ አይቀመጥ አይነግርህም። እሱን የሚነግርህ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ባለ ሦስት አሃዝ ነው፤ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ክብ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት በሚሊ ሜትር። ከሰረዙ በፊት ያለው 40 የጎማው ወርድ ነው።

እነዚያ እንደ ፊኒክስ ያሉ ረጃጅም የቻይና ብስክሌቶች 28 በ1½ የሚባለውን ይለብሳሉ፤ እሱ 635 ነው። 700 የሚባለው የአውሮፓው ግን 622። 28 በ1½ እና 28 በ1.50 በሒሳብ አንድ ናቸው አይደል? በጎማ አይደሉም፤ በክፍልፋይ የተጻፈው 635፣ በነጥብ የተጻፈው 622 ነው። ባለ 26ም ከዚህ አይሻልም። 26 በ1.75 የሚለው የተራራ ብስክሌት ጎማ 559 ሲሆን፣ 26 በ1⅜ የሚለው 590 ነው። 29 ተብሎ የሚሸጠው የተራራ ጎማ ደግሞ፣ ስሙ ሌላ ሆኖ ሳለ፣ እንደ 700ው 622 ነው።

እንግዲህ ሱቅ ከመሄድህ በፊት የአሮጌውን ጎማ ጎን ጠርገህ ቁጥሩን በስልክህ ፎቶ አንሳው። ሻጩ “ያው ነው፣ ይገባል” ቢልህ ፎቶውን አሳየው፤ ሦስቱ አሃዞች ካልገጠሙ በነፃም ቢሰጥህ አትውሰድ። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ “ባለ 28 አምጣልኝ” ብለህ አትላክ፤ ባለ ሦስት አሃዙን ላክለት። ጠባቡ ጎማ በሰፊው ቸርኬ ላይ አልገባም ብሎ ያታግልሃል፣ የማንኪያ እጀታ ያጣምምብሃል፤ ቢያንስ አይዋሽህም። አደገኛው ክቡ የሰፋው ነው። አዲስ ጎማ ላብ ሳያስወጣህ በእጅ ዘው ካለ ጠርጥር። የኔ የፈነዳው ቆሞ ሳለ ነው፤ በአስፋልት ላይ ከሚኒባስ ፊት ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍልህም ነበር።

ወርዱ ከዚህ ይቀላል። ቀጭን ጎማ ሁልጊዜ ይፈጥናል የሚለውን እርሳው። እኩል የተነፋ ሰፊ ጎማ መሬቱን የሚነካው በአጭሩ ስለሆነ አካሉ የሚተጣጠፈው ያንሳል፤ በኮብልስቶን ላይ ደግሞ ነፋሱ ቀነስ ያለ ሰፋ ያለ ጎማ ድንጋዩን ይውጠዋል፣ ቀጭኑ ግን አንተንም ብስክሌቱንም እያነጠረ ጉልበትህን ይበላል። ለ622 ቸርኬ ከ38 እስከ 42፣ ለ559 ደግሞ 1.75 ይበቃል። ከመግዛትህ በፊት በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል የትንሽ ጣት ክፍተት መትረፉን እይ፤ አለዚያ ሐምሌ ላይ ጭቃው ይቆልፍሃል።

ጥርሱን በተመለከተ፣ መሐሉ ለስላሳ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሸካራ የሆነውን ውሰድ። ትልልቅ ጥርስ ያለው የተራራ ጎማ በአስፋልት ላይ እያጉረመረመ ይጎትታል፣ ጥርሱም ቶሎ ያልቃል። ለስላሳ ጎማ በዝናብ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል ብለህ አትፍራ፤ ያ የመኪና ጣጣ ነው፤ የብስክሌት ጎማ ጠባብ ስለሆነ እኛ በምንነዳበት ፍጥነት ውኃውን ገፍቶ ያልፋል። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ የሚጥልህ የጭቃው ቅባት ነው፤ እዚያ ላይ መሪ አትጠምዝዝ፣ የፊት ፍሬን አትያዝ።

ከመበሳት የሚከላከለው ከላስቲኩ ሥር የሚነጠፈው ንጣፍ ነው። ሽዋልበ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በማራቶን ጎማው 3 ሚሊ ሜትር፣ በማራቶን ፕላስ ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ያነጥፋል። ሁለተኛውን የሚበሳ እሾህ ብርቅ ነው፤ ግን አንዱ ብቻ ወደ 900 ግራም ይመዝናል፣ ሲነዱትም እንደ ድንች ጆንያ ነው። እኔ ተራውን ማራቶን ከኋላ፣ ቀለል ያለውን ከፊት አደርጋለሁ፤ ክብደትህን አብዛኛውን የሚሸከመውና ቶሎ የሚበሳው የኋላው ነውና። አሮጌ የውስጥ ጎማ ሰንጥቀው በመሐል የሚያነጥፉ አሉ። እሾህ ያዘገያል፤ አንተንም ያዘገያል።

ሱቅ ውስጥ ጎማውን ጎኑን ያዝና እጠፍ አድርገው። በእጅህ ተለምጦ የሚታጠፈው እየተንከባለለም ጉልበትህን አይበላም፤ እንደ ካርቶን የሚገትረው ይጎትታል። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየመታው ከተንጠለጠለው ይልቅ ከውስጥ ያለውን አስወጣ። ጎኑ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ነገር ካየህ፣ ያልተነዳ ቢሆንም አርጅቷል።

ሲገጠም ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ፊት ይዙር። አንድ የኔ ልማድ ልንገርህ፤ የጎማውን ስም ሁልጊዜ ከቫልቩ ትይዩ አድርገህ ግጠመው። ሲበሳ የውስጡን ቀዳዳ ከቫልቩ ለክተህ እሾሁ ጎማው ላይ የት እንደቀረ በአንድ ደቂቃ ታገኛለህ። በተለይ ከተቃጠለ የመኪና ጎማ የሚወጣው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ በዓይን አይታይም፤ ካልነቀልከው የተለጠፈውን መልሶ ይበሳዋል።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የነፋስ መጠን የመጨረሻው ነው፤ ያን ያህል ሙላ ማለት አይደለም። እኔ 70 ኪሎ ነኝ፤ በ40ው ጎማ ከኋላ 50 ፒኤስአይ፣ ከፊት 45 እነፋለሁ። ጎሚስታ ጋ “በቃ” ካላልክ ኮምፕሬሰሩ በሰከንዶች እንጨት ያደርገዋል፤ ስለዚህ ቤት በእጅ መንፊያ እነፋለሁ።

ሁለቱ ጎማዎችህ አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ የኋላው መሐሉ ጠፍጣፋ ሲሆን የፊቱን ወደ ኋላ አምጣ፤ አዲሱን ከፊት ግጠም፤ መውደቂያህ የፊቱ ነውና።

ያን 635 ጎማ ሱቁ አልመልስም አለኝ። ሁለት ወር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። በኋላ ፊኒክስ የሚነዳ ጎረቤታችን አየውና በግማሽ ዋጋ ወሰደው። እኔ ፊት ነው የገጠመው፤ በማንኪያ እጀታ እየታገለ፣ በላብ ተጠምቆ።