ስምንት ሰዓት ላይ ምን ታደርጋላችሁ?

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ለኖረ ሰው ስምንት ሰዓት የምሳ ማብቂያ ብቻ አይደለም። ጫቱ በፌስታል ተቋጥሮ ደረጃ የሚወጣበት፣ ጓደኛ “የት ነህ?” ብሎ የሚደውልበት፣ በርጫ የሚሰየምበት ሰዓት ነው። ጠዋት “ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ!” ብሎ የማለ ልጅ ሰዓቱ ሲደርስ እግሩ ራሱ ይወስደዋል። ማታ ደግሞ “እኔ እኮ ወኔ የለኝም” እያለ ራሱን ይረግማል።

ጎበዝ፣ ወኔማ አለ! የጎደለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት 248 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በሦስት ቡድን ከፈለ። በሳምንቱ ውስጥ አንዴ እንኳ ለ20 ደቂቃ ስፖርት የሚሠራው ማን ነው? ምንም ካልተመከሩት 38 በመቶው ሠሩ። ስፖርት ለልብ ያለውን ጥቅም የሚያስረዳ ጽሑፍ ካነበቡት 35 በመቶው። (እኛ አነቃቂ ጸሐፊዎች ይህችን ቁጥር ባንሰማት ይሻለን ነበር።) ያንኑ ጽሑፍ አንብበው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት እንደሚሠሩ ከጻፉት ግን 91 በመቶው ሠሩ! የጎደለው ይህ ነው፤ የተጻፈ እቅድ።

ወደ ጫቱ እንመለስ። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ግማሹ ሰው ይቅም ነበር። በየቀኑ የሚቅመው ግን ከቃሚዎቹ 17.4 በመቶው ብቻ ነው። እኔ በዚህ ተስፋ አያለሁ፤ አብዛኛው ቃሚ ሳይቅም የሚውልበት ቀን አለው ማለት ነው። ያን ቀን ከማን ጋር ነበራችሁ? ምን ስትሠሩ ዋላችሁ? ደግሞም ሰው ያለ ምክንያት አይቅምም። ቡታጅራ ላይ ከቃሚዎቹ 80 በመቶው ለጸሎት ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ ብለዋል፤ የጀሞው ተማሪ ለጥናት፣ ሾፌሩ እንቅልፍ ለማባረር ይላል። እቅዳችሁ ይህን ምክንያት ካልመለሰ ሐራራው ይመልሳችኋል።

እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ “ምሳ እንደበላሁ ደብተሬን ይዤ ከብሎኩ እወጣለሁ። ጓደኛዬ ከደወለ፣ ‘ማታ ኳስ ሜዳ እንገናኝ’ እለዋለሁ።” ካልጻፋችሁት ምኞት ሆኖ ይቀራል።

አንድ ቀን ብትሳሳቱስ? የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው፣ ጤናማ ምግብ መብላትን ወይም ስፖርትን የመሰለ አዲስ ልማድ ለመያዝ በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አስልተዋል፤ ለአንዳንዱ 18፣ ለአንዳንዱ 254። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ስለዚህ “ተበላሸ፣ በቃ” ብሎ ነገር የለም፤ በማግስቱ መቀጠል ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከምርቃና በኋላ ጨብሲ የለመደ፣ በየቀኑም አብዝቶ የሚጠጣ ሰው መጠጡን በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥ ሰውነቱ እስከ መንዘፍዘፍና ራስ መሳት ሊደርስ ስለሚችል ሐኪም ሳያማክር አያቋርጥ። ጫት አቁማችሁ ድብርቱና ዱካኩ ከበረታባችሁም ቤት ዘግታችሁ አትቀመጡ፤ ሳታፍሩ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ።